የጓሮ ጎመንና የወር ደመወዝ

እኛ ደኅና ነን፤ ብርዱን ካልቆጠርነው።

መጀመሪያ ይህችን “እኛ” የምትባል ነገር እናፍታታት። እኛ ማለት ሦስት ነን። ጋሸና ላይ አንድ ግቢ ውስጥ ሁለት ክፍል ተከራይተን እንኖራለን። አንዷ ነርስ ናት፣ አንዷ መምህርት። ሦስተኛዋ ይህችን የምትሞነጫጭረው ናት፤ ጋዜጠኝነት ተመርቃ ቢሮ ውስጥ ቃለ ጉባኤ የምትይዝ። ዕድሜያችን ቢደመር የአንድ አዛውንት ዕድሜ ይወጣዋል። ደመወዛችን ግን ቢደመርም ወሩን አያደርስም።

ጋሸናን ለማታውቁ፦ ከወልዲያ ወደ ወረታ የሚዘልቀው፣ ቻይናውያን በደርግ ጊዜ የሠሩት መንገድ ላይ ያለች የመገንጠያ ከተማ ናት። ወደ ላሊበላ የሚሄድ ሰው እዚህ ይታጠፋል። እንግዳ ሻይ ይጠጣል፣ ጋቢውን ይጠቀልላል፣ “ኧረ ብርዱ!” ይላል፣ ይሄዳል። ከፍታዋ ወደ 3,000 ሜትር ነው። እኛ ግን አንሄድም፤ እዚሁ ነን።

እናላችሁ፣ መገንጠያ ላይ መኖር ስለ ሽንኩርት ብዙ ያስተምራል። ሽንኩርትና ቲማቲም እኛ ጋ የሚመጡት በሁለት በኩል ነው፤ በምዕራብ ከፎገራ፣ በምሥራቅ ከቆቦ። ሁለቱም ቆላና ወይና ደጋ፣ ሁለቱም ውኃ ያላቸው ሜዳዎች ናቸው። መንገዱ ሰላም ሲሆን ከሁለቱም ወገን ይመጣልናል። መንገዱ ሲዘጋ ደግሞ ከሁለቱም ወገን ይቀርብናል። ከ2015 ነሐሴ ወዲህ በክልላችን መንገድ ስንት ቀን እንደተዘጋ የምናውቀው በዜና ሳይሆን በሽንኩርት ዋጋ ነው።

በዚህ ላይ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ብር በገበያ ዋጋ ይመንዘር ተባለ። ዘይቱና ማካሮኒው ቢጨምር አልገረመንም። ዶላር በዓይኑ አይቶ የማያውቀው የደጋ ባቄላ ሲጨምር ግን ተገረምን። ባለሱቁን ብንጠይቀው “እኔስ ዘይት የምገዛው በምን ይመስላችኋል?” አለን። መልስ አልነበረንም።

መስከረም 2017 ላይ አንድ ማታ ነርሷ ጓደኛችን ሹሮ ስታማስል ዞር ሳትል “ፓስፖርት ላወጣ ነው” አለች። ወሎ ውስጥ ያደገ ሰው ይህች ዓረፍተ ነገር ምን ማለት እንደሆነች ያውቃል። ከየሰፈሩ ወደ ዓረብ አገር የሄዱ፣ የተሳካላቸውም ያልተሳካላቸውም፣ የባሕሩን ማዶ ያላዩም አሉ። ታናሽ ወንድሟን የምታስተምረው እሷ ናት። “ደመወዜ ለሆዴ ካለቀ እዚህ ምን እሠራለሁ?” አለች። ያን ማታ ሹሮው ጠቆረ፤ ማንም አላጉረመረመም።

በማግስቱ ደብተር ገዛን። የምንበላውን ሁሉ ለአንድ ወር ጻፍን። ጋዜጠኝነት የተማረች ሰው ቢያንስ መዝገብ ትይዛለች አይደል? የወሩ መጨረሻ ላይ ለሦስታችን ምግብ 9,400 ብር ወጥቶ አገኘነው። ያስደነገጠን ድምሩ አልነበረም። ያስደነገጠን አገዛዛችን ነው። የታሸገ ሽሮ በግማሽ ኪሎ፣ በርበሬ በሲኒ፣ ሽንኩርት በፍሬ፣ ዳቦ በየጠዋቱ። ደሃ በጥቂት በጥቂቱ ይገዛል፤ በጥቂት በጥቂቱ የሚገዛ ሰው ደግሞ ሁልጊዜ አስወድዶ ነው የሚገዛው። ይህንን ዩኒቨርሲቲ አላስተማሩንም።

ስለዚህ ከሽሮ ጀመርን። ሦስታችን አዋጥተን 10 ኪሎ ባቄላና አተር በገበያ ቀን ከገበሬ ገዛን። መልቀም፣ መቁላት፣ መከካት፣ ማበጠር፣ በነጭ ሽንኩርትና በዝንጅብል፣ በኮረሪማና በበሶብላ ማዘጋጀት፣ ማድረቅ፣ ማስፈጨት። በወረቀት ሲጻፍ ይቀላል። የመጀመሪያውን ዙር አሳረርነው። ቀለሙ ቡና፣ ጣዕሙም ቡና። የቤታችን ባለቤት እማማ በሩ ላይ ቆመው ሲያዩን ቆዩና “ልጆቼ፣ ዲግሪያችሁን ስጡኝና ምጣዱን ልስጣችሁ?” አሉ። ከዚያ ነጠላቸውን አጣፍተው ተቀመጡ። እሳት እንዴት እንደሚቀነስ፣ እህሉ ሲንጣጣ ጆሮ እንዴት እንደሚሰማው ያሳዩን እሳቸው ናቸው።

ቀጥሎ ዳቦ። ከሱቅ የሚገዛውን ትተን እሑድ እሑድ የገብስና የስንዴ ድፎ መጋገር ጀመርን። እርሾው አይገዛም፤ ካለፈው ሊጥ ይተርፋል። ጦስኝ ደግሞ ዳገቱ ላይ በነጻ ይበቅላል፤ ለሻይም ለሽሮም። እስኪ አስቡት፣ አዲስ አበባ ሆነን በብር የምንገዛው ነገር እዚህ ጫማ ሥር ይረገጣል።

የተበላሸብን መትከሉ ነው። መምህርቷ ጓደኛችን የናይሮቢ ኪቤራ ሰፈር ሰዎች መሬት ቢያጡ በጆንያ አፈር ሞልተው፣ ጎኑን ቀድደው አትክልት እንደሚተክሉ አንብባ መጣች። ወዲያው ሦስት ጆንያ ሞላን፤ ቲማቲም ተከልን። ቲማቲሙ አማረ፣ አበበ። ኅዳር ገባ፣ አንድ ሌሊት ውርጭ ወረደ። ጠዋት ስንወጣ ቅጠሉ የተቀቀለ መስሎ ተኝቷል። እማማ “ቲማቲም የቆቦ ልጅ ነው፤ እዚህ ምን ሊሠራ መጣ?” አሉ። ናይሮቢ ብርድ አለ ቢባልም እንደ እኛ አይደለማ!

ከዚያ በኋላ አገሩ የሚያውቀውን ተከልን። የሐበሻ ጎመን፣ ካሮት፣ ቀይ ሥር፣ ድንች። ጎመን ብርዱን ይችለዋል፤ ከሥሩ ሳይነቀል ቅጠሉ ብቻ ከታች ከታች ከተቀጠፈ ለወራት ይሰጣል። ውኃው አትክልት የታጠበበት ነው። ማዳበሪያው ግን ጭቅጭቅ አለው። እዚህ አገር የከብት እበት ኩበት ሆኖ ምድጃ ውስጥ ይገባል። ለመሬት ስንለምነው ከእሳት እየቀማን ነው። አመድና የወጥ ቤት ጥራጊ አበስብሰን ነው የተገላገልነው።

ስለ ድንች ትንሽ እንቆይ። ድንች የዚህ አገር ተወላጅ አይደለም። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1858 ሺምፐር የሚባል፣ በሰሜን ኢትዮጵያ የኖረ ጀርመናዊ የዕፅዋት ተመራማሪ እንዳስገባው ይነገራል። ብዙ ገበሬ የተቀበለው ግን በኋላ፣ ከብቱ ባለቀበት በዚያ በክፉ ቀን ዘመን ነው። ችግር ነው ያለማመደን ማለት ነው። ይህንን ለእማማ ብንነግራቸው አልገረማቸውም። እሳቸው የራሳቸው ክፉ ቀን አላቸው።

በ2013 መጨረሻና በ2014 መጀመሪያ ጋሸና የጦር ሜዳ ነበረች። የመገንጠያ ከተማ ዕጣ ይኸው ነው፤ መንገድ የሚፈልግ ሁሉ ይፈልጋታል። ገበያ ቆመ፣ ስልክ ጠፋ፣ መብራት ጠፋ። እማማ ያን ጊዜ የልጅ ልጆቻቸውን ይዘው ግቢው ውስጥ ቀሩ። “የሚመጣ ሁሉ ጎተራውን ያያል። መሬቱን ማንም አይቆፍርም” አሉን። ድንቹን ሳያወጡ ትተውት፣ ማታ ማታ ለአንድ ድስት የሚበቃ ብቻ እየቆፈሩ ልጆቹን አሳደሩ። ይህንን ሲነግሩን እኛ ስለ ቁጠባ ደብተራችን ነበር የምናወራው። ዝም አልን። ለእኛ ቁጠባ የሆነው ለእሳቸው ሕይወት ነበር።

በ2017 ዐቢይ ጾም የካቲት 17 ገባ፣ ረመዳን የካቲት 22። መምህርቷ ሙስሊም ናት፤ እኛ ሁለታችን ኦርቶዶክስ። አንዷ ከፀሐይ በፊት ትበላለች፣ ሁለቱ ከሰዓት። ምድጃችን ዕረፍት አጣ። ግን ለማፍጠሪያውም ለጾሙም ያው የእኛው ሽሮ፣ ያው የእኛው ጎመን ደረሰ። ያን ወር ሥጋ ቤት በር ላይ ያለፍነው ለሰላምታ ብቻ ነው።

አሁን ወደ ሒሳቡ። የምግብ ወጪያችን ከ9,400 ወደ 6,700 ብር ወረደ። 2,700 ቆጠብን ብለን ልንጨፍር ስንል፣ ነርሷ እስክሪብቶውን ተቀበለችን። ለወፍጮና ለማገዶ 400 ጻፈች። ቀረ 2,300። ለሦስት ሲካፈል 766። ቀጥላ ሰዓቱን ጻፈች፦ በሳምንት 11 ሰዓት፣ ሁሉም የእኛ የሴቶቹ። “ለ766 ብር ብዬ አልቀርም” አለች። እውነቷን ነው። ወንድሟን 766 ብር አያስተምረውም።

ስለዚህ ወዳጆች፣ “ጓሮህን አልማ፣ ኑሮ ይረክሳል” የሚለውን ስብከት እኛ ሙሉ በሙሉ አንገዛውም። በኅዳር 2015 አርባ ምንጭ ላይ የተጀመረው የሌማት ትሩፋት የጓሮ ምርትን አበረታቷል፤ ደግ ነገር ነው። ግን ተከራይ ጓሮ የለውም። እኛ እንኳ የተከልነው እማማ “ትከሉ” ስላሉን ነው፤ እሳቸው ባይሉ ሦስቱ ጆንያ ይዘን እንቀር ነበር። የኩባዋ ሃቫና ሰዎች የሶቪየት ኅብረት መፍረስ ሲያስርባቸው ከተማቸውን አትክልት ያደረጉት፣ መንግሥት ባዶ መሬቱን አርሰው እንዲጠቀሙበት ስለሰጣቸው ጭምር ነው። ምክርና መሬት አብረው ካልመጡ ምክሩ ብቻውን አይበላም። ጎመንም የደመወዝን ሥራ አይሠራም።

ታዲያ ለምን አልተውነውም? መቶ ግራም ሽሮ ለመግዛት ሱቅ በር ላይ ብር መቁጠር ስለቀረልን ነው። መንገዱ ሲዘጋ እንደ ድሮው አንደናገጥም። የአረጋዊት እጅ የሚያውቀውንም የእኛ እጅ ማወቅ ጀምሯል፤ ይህንን ደብተሩ ላይ በምን እንጽፈዋለን?

የነርሷ ፓስፖርት ወጥቶ ሳጥኗ ውስጥ ተቀምጧል። ስለሱ አንጠይቃትም። በዚህ ሰኔ ግን ዝናቡ መሬቱን እንዳራሰው፣ አንድ ቅዳሜ ጠዋት ጎንበስ ብላ ስትቆፍር አገኘናት። ነጭ ሽንኩርት እየተከለች ነው።

“መቼ ይደርሳል?” አልናት።

“ኅዳር” አለች፣ ቀና ሳትል።

ቁጭ ብለን አብረናት ተከልን። ቸር ወሬ ያሰማን!