የሾንኬ ቤቶች በክረምት መውጫ

ቤት ከድንጋይና ከእንጨት ቢሠራም የሚያቆመው ሰው ነው። ይህ ነገር ለማንም ግልጥ ሆኖ ሳለ፤ ስለ ጥንታውያን ከተሞች ስንናገር እንዘነጋዋለን። ግንቡን አይተን እናደንቃለን፤ በውስጡ እሳት አንድዶ፤ በየዓመቱ ጣራውን ደፍኖ ያቆየውን ባለቤት ግን አናስታውስም። ስለዚህ በዚህ ገጽ ለሚያነቡ አባቶች፤ እናቶችና ልጆች ባለፈው ክረምት መውጫ ያየነውን ለማካፈል አሰብን።

ነገሩ የተነሣው ከአንድ ደብዳቤ ነው። የእኅታችን ልጅ ለትምህርት ወደ ኤስቶኒያ ሄዶ ነበርና በመጋቢት መግቢያ፤ የዚያ አገር ብርድ ሊያልቅ ሲቃረብ፤ ከዋና ከተማዋ ከታሊን ጻፈልን። በረዶው ከጣራ ላይ ገና አልወረደም፤ የባልቲክ ባሕር ነፋስም ፊት ይገርፋል አለ። ነገር ግን በድንጋይ ቅጥር የተከበበችው አሮጌይቱ ከተማ ሰው የሚኖርባት፤ ልጅ የሚያድግባት ሆና አገኛት። የማዘጋጃ ቤቱ አዳራሽ እንደ ኤውሮጳ አቆጣጠር በ1404 የተፈጸመ ነው፤ በአደባባዩ ላይ ያለው መድኃኒት ቤት ደግሞ ስሙ ከ1422 ጀምሮ በመዝገብ ይገኛል፤ እስከ ዛሬም መድኃኒት ይሸጥበታል። ከተማይቱንም ዩኔስኮ በ1997 በዓለም ቅርስነት መዝግቧታል። ልጁ ይህን ሁሉ ከተረከ በኋላ «ጋሼ፤ በኛስ አገር እንዲህ ሰው ያልተለየው ጥንታዊ የድንጋይ ከተማ አለን?» ሲል ጠየቀን።

ለዚህ ጥያቄ መልሱ ሩቅ አይደለም። ሐረር ጀጎል አለች፤ እርስዋም በ2006 በዚያው መዝገብ ገብታለች። እኛ ግን ተወልደን ያደግነው በሰንበቴ ነውና ሐሳባችን ወደ ቅርባችን ሄደ። በሰንበቴ እሑድ እሑድ በሚቆመው ገበያ አፋሩ በግመሉ፤ ኦሮሞው በከብቱ፤ አማራው በእህሉ፤ አርጎባው በሸማው ሲገናኙ እያየን ነው ያደግነው። ከእነዚህ መካከል አርጎባዎች በኮረብታ ራስ ላይ በድንጋይ ቤት የሚኖሩ መሆናቸውን ከልጅነታችን ጀምሮ እንሰማ ነበር፤ መንደራቸውን ሾንኬን ግን ወጥተን አላየንም ነበር።

የአርጎባ ሕዝብ ታሪኩን ከጥንቱ ከይፋት ጋራ ያያይዛል። ይፋት በ1285 የሸዋን የእስላም መንግሥት ጠቅልሎ የያዘ፤ ወላስማ በሚባሉ ሱልጣኖች የተገዛ፤ ከደጋው ወደ ዘይላ ወደብ የሚወርደውን የንግድ መንገድ የጠበቀ ኀይለኛ አገር ነበር። በ1332 ሱልጣኑ ሰብረዲን ከዐፄ ዐምደ ጽዮን ጋራ ተዋግቶ ተሸነፈ። ከዚያ ዘመን ከተሞች መካከል ኖራ፤ አስበሪና መሳል የተባሉት ፍርስራሻቸው በይፋት ቈላ ይገኛል። የፈረንሳይ የጥንት ታሪክ መርማሪዎች ሄደው የመስጊዶቹን ግድግዳ ለክተዋል፤ ሥዕሉንም አንሥተዋል። የድንጋይ ሥራቸው እጅግ ያማረ ነው፤ በውስጣቸው ግን እሳት የሚያነድድ የለም። ሾንኬ ከእነዚህ የምትለየው ሰው ስላልተለያት ነው። የአገሩ ሽማግሌዎች ከተመሠረተች ዘጠኝ መቶ ዓመት ይሆናታል ይላሉ።

ክረምቱ ሊወጣ፤ በጳጉሜን ቀን፤ ከባለቤታችንና ከታናሺቱ ልጃችን ጋራ ከሰንበቴ ተነሥተን ወደ ከሚሴ ሄድን። በግራና በቀኝ የጨፋ ሜዳ እንደ ምንጣፍ ለምልሞ፤ የቦርከና ወንዝም ሞልቶ ነበር። ከከሚሴ ወዲያ መንገዱ በጭቃ ተይዞ ስለ ነበረ መኪናው ከኮረብታው ግርጌ ርቆ ቆመ። ከዚያ በኋላ በእግር ነው፤ ድንጋዩ ከዝናቡ የተነሣ ያንሸራትት ስለ ነበረ ዳገቱ አደከመን። ሽቅብ ስንመለከት ቤቶቹ ከኮረብታው ድንጋይ ጋራ አንድ መልክ ይዘው ስለ ተደራረቡ፤ ጭስ ባይወጣባቸው መንደር መሆኑን ሩቅ ያለ ሰው ባላወቀ ነበር። ጠላትን ከሩቅ ለማየት፤ እርሻ የሚሆነውንም መሬት ላለመያዝ ታስቦ የተመረጠ ቦታ ለመሆኑ አስረጅ አያስፈልገውም።

አንድ ሽማግሌ ተቀብለው በመንደሩ ውስጥ አዞሩን፤ የቤቱንም አሠራር አስረዱን። ግድግዳው ድንጋይ በጭቃ እየተያያዘ የሚካብ ነው። በላዩ ወፍራም አግዳሚ እንጨት ይጋደማል፤ በአግዳሚው ላይ ቀጫጭን እንጨትና ጭራሮ ይረበረባል፤ ከዚያም አፈር ፈስሶበት እስኪጠነክር ይደለደላል። ጣራው ጠፍጣፋ ስለ ሆነ እህል ይሰጣበታል፤ ልጆችም ይጫወቱበታል። ነገር ግን በየዓመቱ ክረምት ከመግባቱ በፊት አዲስ አፈር ካልተጨመረበት ውሃ ያሰርጋል። ውሃ ካሰረገ አግዳሚው ይበሰብሳል፤ አግዳሚው ሲሰበር የግድግዳው ራስ ለዝናብ ይጋለጣል፤ ጭቃው ታጥቦ ሲሄድ ድንጋዩ ይናዳል። «ድንጋዩ አይሞትም፤ ቤቱ የሚሞተው ከጣራው ነው» አሉን።

በክረምት መውጫ መሄዳችንም ለዚህ በጀን። በበጋ ቢሆን ሁሉም ቤት ሕያው ይመስለን ነበር። አሁን ግን የትኛው ቤት ሰው እንዳለው፤ የትኛው እንደ ተዘጋ ጣራውን አይተን ለየን። የአንዱ ጣራ ተደልድሎ ደርቋል፤ የጎረቤቱ ጣራ ሣር በቅሎበት ወደ መካከሉ ጎድጉዷል። አንዳንዱም ቆርቆሮ ለብሷል፤ ቆርቆሮ መልኩን ቢለውጠውም ባለቤቱ ቤቱን እንዳልተወው ይመሰክራልና እኛ አልነቀፍነውም።

ሾንኬ የታወቀችው በቤቶችዋ ብቻ አይደለም። ሼኽ ጀውሃር ቢን ሐይደር የተባሉት ታላቅ የእስልምና ሊቅ ኖረው ያስተማሩት በዚህች መንደር ነው። የታሪክ ሊቁ ሁሴን አሕመድ ስለ እሳቸው ሲጽፉ መቶ ዓመት ያህል ኖረው በ1937 ማረፋቸውን አመልክተዋል። ከዚህም በቀር የአርጎባ ቋንቋ በብዙ ስፍራ ለአማርኛና ለኦሮምኛ ቦታውን ለቆ ሳለ፤ በሾንኬና በጦለሐ እስከ ዘመናችን ሲነገር ቆይቷል። ቋንቋም እንደ ጣራ ነው፤ በየቀኑ በቤት ውስጥ ካልተነገረ ያሰርጋል።

ከዚህ በኋላ አንዲት አሮጊት ቡና ጠጡ ብለው ወደ ቤታቸው አስገቡን። ጀበናው ሲታይ ውሃ አልነበረም፤ የጎረቤታቸው ልጅ ጀሪካን ይዛ ወረደች፤ ልጃችንም አብራት ሄደች። ቡናው ተቆልቶ፤ ተወቅጦ፤ ልጆቹ ገና አልተመለሱም ነበር። በዚህ መካከል አሮጊቲቱ ነገራቸውን አወጉን።

«ልጆቼ ሜዳ ወርደዋል» አሉ፤ «መሬቱም ውሃውም ትምህርት ቤቱም እዚያ ነው። ነይ ይሉኛል።»

«ታዲያ እማማ፤ ለምን አይወርዱም?» አልናቸው።

«እኔ ከወረድሁ እሳቱ ይጠፋል። እሳቱ ከጠፋ ጭስ የለም፤ ጭስ ከሌለ እንጨቱን ምስጥ ይበላዋል። ኋላ ልጆቼ እንመለስ ቢሉ የሚገቡበት አያገኙም» ብለው ጥቂት ዝም ካሉ በኋላ «ጉልበቴ ግን ለሚመጣው ክረምት አፈር የሚያወጣ አይመስለኝም» አሉ።

ባለቤታችን የምትመልሰው ቃል አጥታ ወደ ምድጃው ተመለከተች። ልጆቹም ላብ አጥልቋቸው ሲገቡ ታናሺቱ ልጃችን ጀሪካኑን አስቀምጣ «ይህን በየቀኑ ነው የምታመጪው?» ብላ ጓደኛዋን ጠየቀቻት። «በቀን ሁለት ጊዜ» አለቻት።

እኛ በፍርድ ቤት ጸሐፊነት ስንሠራ ብዙ የውርስ መዝገብ ገልብጠናል። ወራሾች ስለ ሜዳው እርሻ፤ ስለ በሬው፤ ስለ ገበያ ዳሩ ቦታ ሲከራከሩ ዓመታት ያልፋሉ፤ እያንዳንዱም ቅርንጫፍ በወሰን በወሰኑ ይጻፋል። በኮረብታ ላይ ያለው የአያት ቤት ግን በክሱ ዝርዝር ውስጥ ሳይገባ የሚቀርበት ጊዜ አለ። ይህን ስንጽፍ ወራሾቹ የተስማሙበት ይመስለን ነበር፤ በሾንኬ ከተቀመጥን በኋላ ግን ነገሩ ሌላ መሆኑን ተረዳን። ሰው የሚካሰስበት ነገር ቢያንስ ፈላጊ አለው፤ የተረሳ ነገር ግን ከሳሽም ጠበቃም ዳኛም የለውም።

ሜዳ የወረዱትን ልጆች መውቀስ አይገባም። እርሻቸውን ትተው፤ ልጆቻቸውን ከትምህርት አስቀርተው ዳገት ላይ ይቀመጡ የሚል ሰው እሱ ራሱ አንድ ጀሪካን ተሸክሞ ይውጣና ከዚያ በኋላ ይናገር። ታሊንን የመሰሉ ከተሞች ጸንተው የኖሩት ነዋሪዎቻቸው በችግር ተሰንገው እንዲቀመጡ ስለ ተፈረደባቸው ሳይሆን፤ ውሃውም ብርሃኑም ሥራውም ወደ አሮጌው ቤት እንዲገባ ስለ ተደረገ ነው። በሾንኬም ውሃ ሽቅብ ቢወጣ ሰው ቍልቍል አይወርድም። ይህ በአንድ አባወራ አቅም የሚፈጸም አይደለምና ቅርስን እንጠብቃለን የሚሉ ሁሉ ከሥዕል ማንሣት አስቀድመው ሊያስቡበት የሚገባ ነው።

በየቤተ ሰቡ የሚፈጸም ግን አለ። እናት ወይም አባት በአሮጌው ቤት ብቻቸውን የቀሩበት ቤተ ሰብ ሁሉ፤ በሾንኬ ይሁን በሌላ ስፍራ፤ ልጆቹ ተነጋግረው ቀን ይወስኑ። ግንቦት ሳያልቅ አንዱ አፈር ያውጣ፤ አንዱ እንጨት ይለውጥ፤ መምጣት ያልቻለው የሠራተኛ ዋጋ ይላክ። የልጅ ልጆችም አብረው ይውጡ፤ አያታቸው በምትናገርበት ቋንቋ የአግዳሚውንና የጭራሮውን ስም እየሰሙ ይርገጡት። ይህ በዓመት የሁለት ቀን ድካም ነው። ሁለቱ ቀን ከተረሳ ዘጠኝ መቶ ዓመት የቆመውን ለማፍረስ ጥቂት ክረምት ይበቃል።