ሊትር ስንት ጣሳ ነው?

የመድኃኒት ቴክኒሻን ለመባል ከቦረና ተነሥተን በደሴ ጤና ሳይንስ ኮሌጅ ተማርን፤ የብቃት ምዘናውን አልፈን ከክልሉ ጤና ቢሮ የሙያ ፈቃድ ተቀበልን።

ወደ መካነ ሰላም በተመለስን በመጀመሪያው ሳምንት፣ ልጃቸው በተቅማጥ የደከመባቸው አንዲት የገጠር እናት ከመስኮታችን ቀረቡ። የኦ አር ኤሱን ዱቄት ሰጥተን፣ «አንዱን ከረጢት ፈልቶ በቀዘቀዘ አንድ ሊትር ውሃ ይበጥብጡት» አልናቸው።

«ልጄ፣ ሊትር ስንት ጣሳ ነው?»

አፈርን። ውሃው ካነሰ ጨው በዝቶ ሕፃኑን እንደሚጎዳ በፈተና ላይ ጽፈናል፤ የቤታቸውን ጣሳ ግን መች አየነው? ከጎረቤት ሱቅ ባለ አንድ ሊትር ሃይላንድ ለምነን ሰጠናቸው።

በሦስተኛው ቀን ጣሳቸውን ይዘው መጡ። አብረን ብንለካው ሊትሩ ሦስት ጣሳ ተኩል ሆነ። ሕፃኑ ከጀርባቸው ላይ ሆኖ ያየን ነበር።