እንባውና ድምፁ

ከኢየሩሳሌም በስተ ምሥራቅ፣ ከደብረ ዘይት ተራራ ማዶ፣ የጥንቷ ቢታንያ አለች። የአገሬው ሰው በዓረብኛ የሚጠራት በአልዓዛር ስም ነው። የአልዓዛር መቃብር የሚባለው ዋሻ አፉ ከመንገድ ዳር ነው፤ ተሳላሚው ጎንበስ ብሎ ወጣ ገባ የሆነውን የድንጋይ ደረጃ ይወርዳል። ወንጌላዊው ዮሐንስ እንደጻፈው ኢየሱስ እዚህ መንደር መጥቶ አለቀሰ። ከዚያም አራት ቀን የሆነውን የወዳጁን የአልዓዛርን ሬሳ በስሙ ጠርቶ አስነሣው።

ያለቀሰው ማን ነው? የጠራውስ?

ጥያቄው የልጅ ጥያቄ ይመስላል፤ ነገር ግን የክርስቲያኑን ዓለም ለሁለት ከፍሏል። በ449 እ.ኤ.አ. የሮሙ ጳጳስ ልዮን ለቁስጥንጥንያው ሊቀ ጳጳስ በላከው ደብዳቤ ይህንኑ መቃብር ያነሣል። ለሞተ ወዳጅ ማልቀስና ሙትን በቃል ማስነሣት የአንድ ባሕርይ ሥራ አይደለም ይላል። ክርስቶስ አንድ መሆኑን አልካደም፤ እንባውን ግን ለትስብእት፣ ድምፁን ለመለኮት አካፈለ። ከሁለት ዓመት በኋላ የኬልቄዶን ጉባኤ ክርስቶስ «በሁለት ባሕርይ» ይታወቃል ብሎ ወሰነ። የእስክንድርያው ዲዮስቆሮስ ደግሞ ከእርሱ በፊት በመንበሩ የነበረውን የቄርሎስን ትምህርት ይዞ «ከሁለት ባሕርይ» አለ፤ ከዚያ ወዲያ አንዲት እርምጃ አልሄደም። ከመንበሩ ተሻረ፣ በስደት ሞተ። በጽርዕ ቋንቋ በሁለቱ ቃላት መካከል ያለው ልዩነት አንዲት ፊደል ናት።

የኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን ከእስክንድርያ ወገን ናት፤ እምነቷንም ስሟ አድርጋዋለች፦ ተዋሕዶ። መምህራኑ ይህን ሲያስረዱ ከጥንት አባቶች የወረሱትን የብረትና የእሳት ምሳሌ ያመጣሉ። ብረት ከእሳት ሲገባ ይግላል፣ ያበራል፣ ያቃጥላል፤ ብረትነቱ ግን አልጠፋም። ቅርጽ ያልነበረው እሳትም በብረቱ ቅርጽ ይታያል፤ ማጭድ ከሆነ ማጭድ፣ ማረሻ ከሆነ ማረሻ መስሎ። ቀጥቃጩ መዶሻ ሲያሳርፍበት የሚጎብጠው ብረቱ ነው፣ እሳቱ አይቆስልም። ቢሆንም በጉጠት ከተያዘው ፍም ከመሰለ ብረት ላይ ብረቱን ለብቻ፣ እሳቱን ለብቻ አድርጎ የሚያነሣ ባለ እጅ አልተወለደም። ምሥጢረ ሥጋዌን ለገበሬ ልጅ ከዚህ አጥርቶ የሚያሳይ ነገር ማግኘት ይቸግራል።

እንግዲህ ተዋሕዶ ለቢታንያው ጥያቄ የምትሰጠው መልስ አጭር ነው፦ ያለቀሰውም የጠራውም አንዱ ወልድ ነው። እንባው የአምላክ እንባ ነው። ልጇን ቀብራ የተመለሰች እናት ከዚህ ትምህርት የምታገኘው መጽናኛ ትንሽ አይደለም፤ የምትማፀነው አምላክ ራሱ መቃብር አፍ ላይ ቆሞ አልቅሷል።

ለዚህ ቃል ደምም ፈሷል። ዐፄ ሱስንዮስ ከኢየሱሳውያን ሚስዮናውያን የተቀበለውን የሮም ሃይማኖት በአዋጅ ቢጭን አገሩ ተነሣበት። በ1624 ዓ.ም. ወይና ደጋ ላይ ድል አደረገ፤ ሜዳውን የሞላው ሬሳ ግን የገዛ ክርስቲያን ሕዝቡ ነበር። ብዙም ሳይቆይ የአባቶቹን ሃይማኖት መልሶ ዙፋኑን ለልጁ ለፋሲለደስ ለቀቀ። ሚስዮናውያኑ ከወጡ በኋላም የአገር ውስጥ ሊቃውንት ስለ ክርስቶስ መቀባትና ልደት በቅብዐትና በጸጋ፣ በሁለት ልደትና በሦስት ልደት ተከፋፍለው ሁለት መቶ ዓመት ያህል ተከራከሩ። በ1870 ዓ.ም. ዐፄ ዮሐንስ አራተኛ ወሎ ውስጥ ቦሩ ሜዳ ላይ ጉባኤ ጠርተው ለሁለት ልደት ፈረዱ።

የልዮንና የዲዮስቆሮስ ነገር ግን በዚያ አልተቋጨም። በጥር 1963 ዓ.ም. ኬልቄዶንን የተቀበሉትና ያልተቀበሉት የሁለቱ ኦርቶዶክሳውያን ቤተሰቦች ሊቃውንት አዲስ አበባ ተሰበሰቡ። አንዱ ወገን ቅዱስ የሚለውን ሌላው ያወገዘበት ግዝት እንዴት ይነሣ ብለው መከሩ። ከዚያ ቀደም ብለው፣ በ1956 ዓ.ም. ዴንማርክ ውስጥ ኦርሁስ ላይ ሲገናኙ፣ በቄርሎስ ቃል ተመርተው አንዱ በሌላው ዘንድ ያችኑ አንዲት እምነት ማየቱን በጽሑፍ መስክረዋል። ከአንድ ጽዋ ግን ገና አልቆረቡም።