ኢኒስኪን፦ የአንጥረኛው መነኩሴና የጫማ ሰፊው ልጅ መንደር

በአየርላንድ ደሴት ሰሜናዊ ምሥራቅ፣ በሞናሃን አውራጃ፣ ፌን በተባለው ወንዝ ዳር ኢኒስኪን የምትባል አነስተኛ የገጠር መንደር አለች። ከደብሊን ወደ ሰሜን 80 ኪሎ ሜትር ያህል ትርቃለች። ስሟ በአገሬው ጥንታዊ ቋንቋ «ያማረች ደሴት» ማለት ነው። ዙሪያዋን የከበቡት ትናንሽ ክብ ኮረብታዎች ከጥንቱ የበረዶ ግግር የቀሩ የሸክላ አፈር ክምር ናቸው። አፈሩ ውኃ ይቋጥራል፤ እርሻው ጠባብ ነው፤ በእርሻና በእርሻ መካከልም የቁጥቋጦ አጥር ይሄዳል። ከሩቅ የሚጠራ ተራራም ሆነ የነገሥታት ግንብ የላትም። ይሁን እንጂ ናትናኤል ስለ ናዝሬት ያነሣውን ጥያቄ ለሚያስታውስ ተሳላሚ፣ የዚህች መንደር ታሪክ የሚያስተምረው ነገር አለው።

በ6ኛው መቶ ዓመት በዚህ ስፍራ ገዳም የመሠረቱት፣ አገሬው ቅዱስ ዳይግ ብሎ የሚያከብራቸው መነኩሴ ናቸው። መታሰቢያቸውም በአውሮፓውያን አቆጣጠር ኦገስት 18 ቀን ይውላል፤ ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም በዚያው አቆጣጠር ናቸው። ትውፊት የሚያወሳቸው በእጃቸው ሥራ ነው። አንጥረኛም ጸሐፊም ነበሩ፤ ለሌሎች ገዳማት ደወል፣ የአባቶች በትርና የወንጌል ማኅደር ይሠሩ እንደነበር ይተረካል። የብረትና የናስ ሠራተኛ በክፉ ስም ሲጠራ የኖረበትን አገር ለምናውቅ ለእኛ፣ አንድ ማኅበረ መነኮሳት አንጥረኛውን አባት አድርጎ መያዙ ቆም ብለን ልናስብበት የሚገባ ነው። በዚያ ገዳም መዶሻና መቁጠሪያ አልተጣሉም።

ከገዳሙ ዛሬ ጎልቶ የሚታየው የክብ ግንብ ጉርድ ነው። እንዲህ ያሉ ግንቦች በአየርላንድ በብዙ ገዳማት ይገኛሉ፤ የተሠሩትም ከዳይግ ዘመን ብዙ ቆይቶ ነው። በአገሬው ቋንቋ «የደወል ቤት» ይባላሉ። በራቸው በአብዛኛው ከመሬት ከፍ ብሎ የተከፈተ በመሆኑ ያለ መሰላል አይገባባቸውም። የኢኒስኪኑ ግንብ አናቱ ፈርሷል፤ እግሩ ግን በመቃብሮች መካከል ዛሬም ቆሟል።

ከዚህ ብዙም በማይርቅ ማከር በተባለ ጎጥ፣ በ1904 ኦክቶበር 21 ቀን ፓትሪክ ካቫና ተወለደ። አባቱ ጫማ ሰፊና አነስተኛ ገበሬ ነበር፤ ቤቱም ዐሥር ልጆች ያደጉበት ነው። ካቫና በ13 ዓመቱ ትምህርት አቋርጦ ከአባቱ ዘንድ ጫማ መስፋትን ተማረ፤ እርሻም አረሰ። ግጥምን ያወቀው ከትምህርት ቤት የንባብ መጻሕፍት ነው፤ በቀን ድንች እየተከለ፣ በማታ ይጽፍ ነበር።

በ1931 የብርድ ወራት ይህ ገበሬ እስከ ደብሊን በእግሩ ተጓዘ። የሄደው ግጥሞቹን ቀደም ብሎ ያተመለትን ገጣሚና አዘጋጅ ጆርጅ ራስልን ለማየት ነበር። ራስልም ተቀብሎ አስተናገደው፤ ሲመለስም ከዶስቶየቭስኪና ከቪክቶር ሁጎ ሥራዎች ጀምሮ ብዙ መጻሕፍት አሸከመው። ለበረከት ብሎ በእግሩ መንገድ የጀመረ ሁሉ የዚህን ሰው ልብ አይስተውም፤ የቀን ሥራውን ትቶ የወጣው ገንዘብ ፍለጋ አልነበረም።

በ1939 መንደሩን ትቶ ወደ ደብሊን ገባ። ኑሮው ግን አልቀናም፤ ብዙ ዘመን በችግር ኖረ። በ1942 የታተመው «ታላቁ ረኀብ» የተሰኘው ረጅም ግጥሙ፣ በመሬቱና በእናቱ ታስሮ ያለ ትዳር ያረጀን ገበሬ ይተርካል። በመጽሐፉ የተራበው ሆድ ሳይሆን ነፍስ ነው። የገጠርን ኑሮ እያሞገሱ ለሚጽፉ ከተሜዎች ይህ መልስ ነበር፤ ካቫና ጭቃውን በእግሩ ያውቀዋልና። ሆኖም በኋለኛ ዘመኑ ስለ ራሱ ሲጽፍ፣ ወደ ደብሊን መሄዱን የሕይወቱ ክፉ ስሕተት ብሎ ቆጥሮታል። በ1955 በሳንባ ካንሰር ምክንያት አንድ ሳንባው በቀዶ ሕክምና ወጣ፤ ካገገመ በኋላ በከተማዪቱ የውኃ ቦይ ዳር ተቀምጦ የጻፋቸው ግጥሞች የምስጋና ድምፅ አላቸው።

ለተሳላሚ ይበልጥ የሚጠቅመው ግን ስለ አጥቢያ ያስተማረው ነው። በ1952 ከወንድሙ ጋር ባሳተመውና ከ13 ዕትም በላይ ባልዘለቀው ሳምንታዊ ጋዜጣ ላይ፣ የአጥቢያ ሰውንና የጠቅላይ ግዛት ሰውን ለየ። የጠቅላይ ግዛት ሰው የራሱን ዐይን አያምንም፤ ዋና ከተማው ምን አለ ብሎ ዘወትር ወደዚያ ያያል። የአጥቢያ ሰው ግን የገዛ ደብሩ ሰውንና ፈጣሪውን ለማወቅ እንደሚበቃ አይጠራጠርም። በአንድ አጭር ግጥሙም፣ በ1938 ታላላቅ መንግሥታት በሙኒክ ሲደራደሩ የእርሱ ጎረቤቶች በአንዲት ድንበር ሲጣሉ ያሳያል፤ ሆሜር ታላቅ ሥራውን የሠራው ከእንዲህ ያለ የመንደር ጠብ ነው ብሎም ይደመድማል።

እነዚህ ሁለቱ በአንድ ሰው ልብ መኖራቸው ልብ ሊባል ይገባል። አጥቢያን የሚንቅ ሰው ራሱን ያጣል፤ አጥቢያን የሚያመልክ ደግሞ እንደ «ታላቁ ረኀብ» ገበሬ በገዛ አፈሩ ይታሰራል። ካቫና ሁለቱንም በሥጋው ቀምሶ ጻፈ። ወደ ቅድስት ሀገር ከመጡ በኋላ የትውልድ ደብራቸውን ማሳነስ ለሚፈትናቸው፣ ደግሞም በናፍቆት የዛሬውን አገልግሎታቸውን ለሚዘነጉ፣ ይህ ምስክርነት ይጠቅማል። በዚህ የምንሳለመው ምድር ራሱ ጌታችን በአንዲት ትንሽ መንደር አድጎ፣ በአናጢ ቤት የኖረበት ነውና።

ካቫና በ1967 ኖቬምበር 30 ቀን ደብሊን ውስጥ ዐረፈ፤ የተቀበረው ግን በኢኒስኪን ነው። በልጅነቱ ያስቀደሰበት ቤተ ክርስቲያን ዛሬ የመታሰቢያው ማዕከል ሆኗል። በአየርላንድ የምትኖሩ ወይም ወደዚያ የምትጓዙ ወገኖች፣ በአንድ ቀን ውስጥ የአንጥረኛውን መነኩሴ የደወል ቤትና የጫማ ሰፊውን ልጅ መቃብር ማየት ትችላላችሁ። ሁለቱም በእጃቸው የሠሩ፣ የሠሩትም ከመንደራቸው አልፎ የሄደ ሰዎች ነበሩ።