የአንዲት ጎማ ዋጋ

ልጆቼ ሆይ፥ ትልቅ ነገር በትንሽ ነገር ይጠበቃል፤ በትንሽ ነገርም ይጠፋል። ይህን ከመጽሐፍ አላገኘሁትም፤ ከገዛ ጥፋቴ ተማርሁት እንጂ። ስለዚህ እናንተ ሳታጠፉ ትማሩበት ዘንድ እነግራችኋለሁ።

አብደራፊ በምዕራብ ጎንደር ቆላ፥ ከሱዳን ድንበር አጠገብ የምትገኝ ከተማ ናት። ምድሯ ለም ነው፤ ሰሊጥና ማሽላ፥ ጥጥም ይበቅልባታል። ነገር ግን በመጋቢትና በሚያዝያ ፀሓይዋ እጅግ ትከብዳለች፤ ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ የሚያልፍበት ቀን አለ። የቆላው ወንዝ በክረምት ሞልቶ ይደፈርሳል፥ በበጋ ግን ይሳሳል፤ ያን ጊዜ ሰውና ከብት ከአንድ ውኃ ይጠጣሉ።

እኔ በዚያ አገር መምህር ሆኜ ስኖር፥ በሰፈራችን የእጅ ፓምፕ ያለው አንድ ጉድጓድ ነበረ። የፓምፑ አሠራር እንዲህ ነው፤ እጀታው ወደ ታች ሲጫን በጉድጓዱ ውስጥ ያለው ዘንግ ወደ ላይ ይነሣል፤ በዘንጉ ጫፍ ያለችውም ጎማ ከቱቦው ጋራ ገጥማ ውኃውን ታወጣለች። ጎማዪቱ ከመዳፍ ታንሳለች፤ ነገር ግን እርስዋ ያለቀች እንደ ሆነ ብረቱ ሁሉ ከንቱ ነው።

ሰፈርተኛው የውኃ ኮሚቴ መርጦ፥ ለመጠገኛ የሚሆን ጥቂት ብር በየወሩ ከየቤቱ ይዋጣ ዘንድ ተስማማ። ገንዘብ ያዧ አንዲት ባልቴት ነበሩ። ወደ ቤቴ በመጡ ጊዜ፥ «እማማ፥ ዛሬ አልያዝሁም፤ በሚመጣው ወር እሰጥዎታለሁ» አልኋቸው። ገንዘቡ ግን በኪሴ ነበረ። በልቤም፥ «ይህ ሁሉ ቤት ሲያዋጣ የእኔ ብትቀር ምን ይጐዳል?» አልሁ። በሚቀጥሉትም ወራት እንዲሁ አደረግሁ። ጎረቤቶቼም ይህን አይተው፥ «መምህሩ ካልከፈሉ እኛ ስለ ምን እንከፍላለን?» አሉ።

ሚያዝያ በገባ ጊዜ ጎማዪቱ አለቀች። ሣጥኑ ሲከፈት የጎማ መግዣ፥ የጠጋኝም ዋጋ አልተገኘበትም። ከዚያ ወዲያ ሴቶችና ልጃገረዶች ሳይነጋ ጀሪካን ተሸክመው ወደ ወንዝ ይወርዱ ጀመር። የወንዙን ውኃ ለማፍላት ማገዶ ያስፈልጋልና፥ ውኃውን አስቀምጠው ደግሞ ዕንጨት ፍለጋ ወደ ዱር ሄዱ። ማገዶ ያጣ ቤት ሳያፈላ ጠጣ፤ ብዙ ሕፃናትም በተቅማጥ ታመሙ። በትምህርት ቤት ስም ስጠራ፥ ከሴቶች ልጆች «አቤት» የሚሉኝ ጥቂቶች ሆኑ። ከቀሩትም አንዲቱ የእማማ የልጅ ልጅ ነበረች፤ ፊደል ከሁሉ ፈጥና የያዘች ልጅ ነበረች።

በዚያ ሌሊት እንቅልፍ አጣሁ። ሲነጋ ወደ ባልቴቲቱ ሄጄ፥ «እማማ፥ ገንዘቡ በኪሴ ሳለ የለኝም ብዬ ዋሽቻለሁ፤ ይቅር ይበሉኝ» ብዬ ያስቀረሁትን ሁሉ ሰጠኋቸው። እርሳቸውም ገንዘቡን ቈጥረው፥ «ለእኔ የነገርኸኝን ለሰፈሩ ንገር» አሉኝ። ይህ ከመክፈል ይልቅ ከበደኝ። ነገር ግን እሑድ ሰው በተሰበሰበበት ቆሜ ተናገርሁ። አንዳንዱ ሣቀብኝ፥ አንዳንዱም ዝም አለ፤ ወዲያው ግን አንድ ሽማግሌ ብራቸውን አወጡ፥ ሌላውም ተከተላቸው። ጎማዪቱ ተገዝታ ውኃው ወጣ፤ ልጂቱም ወደ ትምህርቷ ተመለሰች።

በኋላ የሌሎች መንደሮች ሰዎች ጉድጓዳቸውን እንዴት እንደሚጠብቁ ጠየቅሁ። በአማራ ክልል፥ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ2003፥ የኢትዮጵያና የፊንላንድ መንግሥታት ተባብረው በሚሠሩት ሥራ አዲስ ልማድ ተጀመረ። የጉድጓዱ ማሠሪያ ገንዘብ በአማራ ብድርና ቁጠባ ተቋም በኩል በመንደሩ ሰዎች እጅ ተሰጠ። እነርሱ የመረጡት ኮሚቴ ሲሚንቶ ገዛ፥ ግንበኛም ቀጠረ፤ ሕዝቡ ድንጋይና አሸዋ አቀረበ፥ ለመጠገኛም የሚሆን ገንዘብ አስቀድሞ ቈጠበ። በዚህ መንገድ ብዙ ሺህ ጉድጓዶችና ምንጮች ተሠሩ። ሰው በላቡ የሠራውን እንደ ዐይኑ ይጠብቃልና።

አባቶቻችን፥ «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፥ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» ይላሉ። እንግዲህ ልጆቼ፥ የእናንተን አንዲት ሎሚ አትጣሉ። «የእኔ ብትቀር ምን ይጐዳል?» የምትል ቃል በልባችሁ በመጣች ጊዜ፥ ያችን ትንሽ ጎማ አስቡ።