«ለሁለት ቀን» የተወሰደው መጽሐፍ

ዛሬ ከገጽ ገጽ ሲዞር የዋለው «ከወንበዴነት ወደ ባለቅኔነት» የሚል ልጥፍ ሉዊስ ሮድሪገስን አወድሶ አወድሶ ዋናውን ነገር ዘሎታል። የሜክሲኮ ስደተኞች ልጅ የሆነው ይህ ጸሐፊ በሎስ አንጀለስ አካባቢ ገና በ11 ዓመቱ ጋንግ፣ ማለትም በሰፈር ስምና በቂም የተሳሰረ የወጣቶች ቡድን ውስጥ መግባቱ፣ መስረቁ፣ ሄሮይን መውሰዱ፣ ኋላም በ2014 (እ.ኤ.አ.) የከተማዋ ባለቅኔ ተብሎ መሰየሙ እውነት ነው፤ ሆኖም «ኦልዌይስ ራኒንግ» የተባለውን ግለ ታሪኩን በ1993 ያሳተመው ቺካጎ ውስጥ የ15 ዓመት ልጁ በተራው ጋንግ ስለገባበት ነው።

ከልጥፉ ጋር የተያያዘው የሽፋን ፎቶግራፍ ግን ሌላ ጉዳይ ያስነሣል። በቀኝ ጥጉ ላይ የተቀመጠውን የሻይ ብርጭቆ ክብ ምልክት የዚህ ገጽ ተከታታዮች በሚገባ ያውቁታል፤ ከሦስት ዓመት በፊት «ለሁለት ቀን» ተብሎ የሄደው ቅጂ ነው። ውሰት፣ ማለትም ሊመለስ ቃል ተገብቶበት የሚወሰድ ዕቃ፣ በአዲስ አበባ አንባቢዎች ዘንድ ከስጦታ የሚለይበት ወሰን እስካሁን በምሁራን አልተጠናም። መጽሐፉ በአሜሪካ ከቤተ መጻሕፍት በብዛት ከሚሰረቁት አንዱ ነው ስለሚባል ተዋሹ ወጉን ጠብቋል ማለት ይቻል ይሆናል፤ ስለ ሌብነት የተጻፈን መጽሐፍ አስቀርቶ ስለ መታረም መስበክ ግን የራሱ ድፍረት ይፈልጋል። ይባስ ብሎ ከገጾቹ መካከል ብቅ ያለችው የአንበሳ አውቶቡስ ቲኬት የመጽሐፉ ባለቤት ከተዋት ቦታ ንቅንቅ አላለችም።

ቢነበብ ኖሮ የልጁ ነገር ገና በመግቢያው ላይ ይገኝ ነበር። ሮድሪገስ በ1994 ከሌሎች ጋር በቺካጎ ለአደጋ የተጋለጡ ወጣቶች የሚሰባሰቡበትን ማኅበር አቋቋመ፤ ልጁም እዚያው ነበረ፤ ያም ሆኖ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ልጁ በግድያ ሙከራ የ28 ዓመት እስራት ተፈረደበት። አባትየው በ2001 ከሚስቱ ጋር ሎስ አንጀለስ ውስጥ በአክስቱ ስም የተሰየመውን የባህል ማዕከልና መጻሕፍት መደብር ሲከፍት፣ በየወህኒ ቤቱና በየታዳጊዎች ማረሚያው እየዞረ የሰው ልጅ ግጥም እንዲጽፍ ወረቀትና እስክሪብቶ ሲያቀብል፣ የገዛ ልጁ ከፍርግርጉ ወዲያ ነበር። ይህን ቆርጦ ያወጣ ውዳሴ ስለ መካሪነት ምን እንደሚያስተምር ግልጽ አይደለም።

ልጁ በ2010 ተፈትቷል፤ መጽሐፉም ይፈታ።