«ከእንግዲህ ጥያቄ የለኝም»

ካቦው ሆስፒታል የመጣው አንድ ኪሎ ብርቱካን፣ 15 ሺህ ብርና አንድ ገጽ ወረቀት ይዞ ነው። ብርቱካኑን ኮመዲኖው ላይ አስቀመጠ። ብሩን ለአጎቴ ሚስት ሰጠ። ወረቀቱን ከነእስክሪብቶው ለአጎቴ አቀበለውና «ያው ብሩን መቀበልህን ለማወቅ ነው፣ ፎርማሊቲ ናት» አለ።

ይኸውላችሁ፣ በቤተሰባችን «የተማረችው» የምባለው እኔ ነኝ። በጋዜጠኝነት ተመርቄ ሥራ ስፈልግ ዓመት ከመንፈቅ ሆኖኝ ስለነበር ማዕረጉ ሹፈትም አለበት። የዚያን ቀን ግን የአጎቴ ሚስት «እስኪ ትምህርትሽ ለዛሬ ይሁነን፣ አንብቢልን» አለችኝ። አነበብኩ። የመጨረሻው መስመር «ለደረሰብኝ ጉዳት ተገቢውን ካሳ ስለተቀበልኩ ከእንግዲህ በየትኛውም ፍርድ ቤት ጥያቄ የለኝም» ይላል። አጎቴ በግራ እጁ ይዞት የነበረውን እስክሪብቶ አልጋው ላይ ጣለው። ካቦው ብሩን ተቀብሎ ወጣ። (ብርቱካኑን ትቶልናል፣ አይካድም።)

ግንቦት 2014 ነበር። አጎቴ ለሳኝ ነው። ፒያሳ፣ ከዶሮ ማነቂያው ቤታችን በእግር አምስት ደቂቃ የማይርቅ ሕንፃ ላይ ሦስተኛ ፎቅ ሲለስን የቆመበት የባሕር ዛፍ መወጣጫ ተሰበረ። ቀበቶ የሚባል ነገር አልነበረም። የራስ ቆብ የነበረው መሐንዲሱ ብቻ ነው። የአሠሪውን ስም አልጽፍም፤ ክርክሩ አላለቀም።

ሊጠይቁ የመጡት የሰፈር ሰዎች ግማሾቹ «ምነው ተጠንቅቆ ቢሆን» ሲሉ ግማሾቹ «እግዜር ያመጣው ነው» አሉ። እኔም እንደነሱ መጀመሪያ ጥፋተኛው መታወቅ ያለበት ይመስለኝ ነበር። በ2011 የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156 ግን እንዲህ ያለ ጣጣ ውስጥ አይገባም። ሠራተኛው ሆን ብሎ ራሱን ካልጎዳ በቀር (ሰክሮ መገኘትም ሆን እንደማለት ነው) አሠሪው ጥፋት ባይኖርበትም ይከፍላል። የጽሑፍ ውል የለም ማለትም አያዋጣም፤ በቃል መቀጠርም መቀጠር ነው።

ሒሳቡን ደብተር ላይ ሠራሁት። አጎቴ በቀን 350 ብር፣ በወር 26 ቀን ይሠራል። የዓመቱ 109,200 ብር ይሆናል። ሙሉ በሙሉ ከሥራ ውጪ ለሆነና ጡረታ ለማይከፈልለት ሰው ካሳው የዓመት ደሞዙ አምስት እጥፍ ነው፦ 546,000። የሕክምና ቦርድ ፐርሰንት ሲያወጣለት 40 ሆነ። ስለዚህ 218,400 ብር፣ ያውም የሕክምናውና ተኝቶ የከረመበት ሳይቆጠር። ከ15 ሺህ ጋር እናንተው አስተያዩት።

ከዚያ ሽማግሌ መጣ። ሽምግልና አልጠላም፣ አባቴና እናቴም በሽማግሌ ነው የታረቁት። ግን የአንዱ ወገን ቤት ኪራይ ሦስት ወር ውዝፍ ሲሆን፣ ሌላው ወገን ጊዜ እንደልቡ ሲሆን፣ መሃል የሚቀመጠው ሽማግሌ ምን ያስታርቃል? 30 ሺህ ድረስ ከፍ አደረጉት። አጎቴ ሊቀበል ፈለገ፣ እኔ አይሆንም አልኩ። ሚስቱ የአንገት ሐብሏን የሸጠች ቀን «እንግዲህ አዋጅሽን ወጥ አድርገሽ አብዪን» አለኝና ሁለት ሳምንት አላናገረኝም። እውነቱን ነበር። በሰው ርሃብ ላይ መርሕ ማክበር ቀላል ነው፤ እኔ የማድረው እናቴ ቤት በልቼ ነው።

ክሱን ያስገባነው መጋቢት 2015 ነው፣ የአንድ ዓመቱ ይርጋ ሊሞላ ሁለት ወር ሲቀረው። ሠራተኛ ሲከስ የዳኝነት አይከፍልም፤ ይህን ባናውቅ ኖሮ እዚያው እንቀር ነበር። አዋጁ ፍርድ በ60 ቀን ይሰጥ ይላል። እኛ ግን «አላውቀውም፣ የካቦው ሰው ነው» የሚል መልስ ገጠመን፤ ቀጠሮ በቀጠሮ ላይ ሲደራረብ 2016 ገባ። በመጋቢት ፒያሳ ፈረሰች። ሰፈራችን ሄደ፣ ከሰፈራችን ጋር ምስክሮቻችንም ሄዱ። ፌሮ ሠራተኛው አራብሳ ገብቷል ተብሎ ሁለት ቅዳሜ ብሎክ ለብሎክ ፈለግሁት። ሲሚንቶ ታቦካ የነበረችውን ልጅ እስካሁን አላገኘናትም።

መስከረም 21 ቀን 2018 ምንጃር ሸንኮራ፣ አረርቲ ማርያም በግንባታ ላይ ባለው ቤተ ክርስቲያን የእንጨት መወጣጫ ተደርምሶ ከ30 በላይ ሰዎች ሲሞቱ አጎቴ ዜናውን ሳይጨርስ ቴሌቪዥኑን አጠፋው። ለበዓል የሄዱ ምዕመናን ሠራተኞች አይደሉምና አዋጁ አያውቃቸውም። እንዲህ ያለ ሰው የሚሄደው በ1952 ወደ ወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ነው። መኪና የገጨውም እንደዚያው፤ አንቀጽ 2081 የመኪናው ባለቤት ባያጠፋም ይክፈል ይላል፣ ክሱ ግን በሁለት ዓመት ውስጥ መቅረብ አለበት። ዝቅ ብላችሁ አንቀጽ 2116ን ስታነቡ ለሐዘን፣ ለሕሊና ጉዳት የሚሰጠው ካሳ ከ1 ሺህ ብር አይበልጥም። ያኔ ዶላር 2 ብር ከ50 ገደማ ነበር፣ 1 ሺህ ብር 400 ዶላር ነው። ዛሬም ያው 1 ሺህ ብር ነው። የለቅሶ ድንኳን እንኳ አያስተክልም።

የመጀመሪያው ፍርድ ቤት ለአጎቴ ፈረደለት። አሠሪው ይግባኝ አለ። ፌስታሉን፣ ማለቴ መዝገባችንን፣ አሁንም የአጎቴ ሚስት ናት የምትይዘው፣ ለእኔ አታምነኝም።

አጎቴ ሌላ ግንባታ ላይ የማታ ጥበቃ ተቀጥሯል። ሲመሽ መወጣጫውን በባትሪ እያበራ ያየዋል፣ የላላ ሚስማር ካገኘ ጠዋት ለካቦው ይናገራል። ቀጠሯችን ረቡዕ ነው።